ህንድ ሆስቴል ለሚገባ ልጅ፦ ስለ ራጊንግ ከቤት ሳይወጣ ማወቅ ያለበት

“አንገትህን ደፍተህ ተማርና ና።” ልጅ የሚሸኝ የሀዋሳ ወላጅ ሁሉ የሚለው ይሄንኑ ነው። ከፍቅር የመጣ ምክር ስለሆነ አልጣላውም። ህንድ ሆስቴል ለሚገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግን ከዚህ የባሰ ምክር የለም። እዚያ ነባር ተማሪዎች ለማንገላታት የሚፈልጉት ልክ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው።

እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የሠራሁት ህንድ ነው፣ ምህንድስና። አሁን የምኖረው እዚሁ አቶቴ ነው። ክረምት ላይ ልጃቸውን ወደዚያ የሚልኩ የሰፈር ሰዎች ሊያማክሩኝ ይመጣሉ። እናቶች ስለ ምግብ፣ አባቶች ስለ ክፍያ ይጠይቁኛል። ህንድን ሁሉም ያምናታል። የእናቴ ዘመን ሰዎች ሒሳብና ሳይንስ ከህንድ መምህራን ተምረዋል። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲያችን ህንድ ተምሮ የመጣ መምህር ሞልቷል። እምነቱ መሠረት አለው፣ ትምህርታቸው ጠንካራ ነው። እኔ የምጨምረው ከክፍል ውጪ ያለውን፣ ከራት በኋላ የሚሆነውን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ራጊንግ ምን ይመስላል

ራጊንግ የሚባለው ነባር ተማሪዎች አዲስ ገቢውን “እንተዋወቅ” በሚል ሰበብ የሚያንገላቱበት ልማድ ነው። እኛ ጋ ሲኒየር ፍሬሽ ላይ የሚቀልደውን አስታውሳችሁ “እሱማ ምን አለው” እንዳትሉ። የሌለ ቢሮ ተልኮ ግቢውን ሲዞር የዋለ ፍሬሽ ማታ ከላኩት ልጆች ጋር ይስቅበታል። የህንዱ ግን ቀስ እያለ ነው የሚያድገው።

መጀመሪያ “ኢንትሮ” ይባላል። ክፍልህ ይመጣሉ ወይም ያስጠሩሃል። ስምህን፣ ሀገርህን፣ የተማርክበትን ትምህርት ቤት እነሱ ባወጡት ቅደም ተከተል ትናገራለህ። ሲኒየሩን “ሰር” ትለዋለህ። ፊቱን ማየት የለም። የራስህን ሸሚዝ ሦስተኛ ቁልፍ እያየህ ነው የምትመልሰው። ይሄ የሦስተኛው ቁልፍ ነገር በብዙ የህንድ ኮሌጆች የቆየ ደንብ ነው። ከተሳሳትክ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። እስካሁን ማንም አልነካህም። ቆሞ ያየ ሰው ጨዋታ ነው ይላል።

ትንሽ ቆይቶ የእነሱን አሳይመንት መገልበጥ፣ ሲጋራ መግዛት ይመጣል። ከዚያ ሌሊት ጣራ ላይ ትጠራለህ። ጆሮህን ይዘህ ቁጢጥ በል፣ ልብስህን አውልቅ፣ ይሄን ጠጣ፣ ጓደኛህን በጥፊ ምታው። በኋላ “ለምን እምቢ አላልክም?” የተባለ ልጅ መልስ ያጣል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከቀደመው የሚብሰው በትንሹ ብቻ ነው። እምቢ የሚባልበት ቦታ ቁልጭ ብሎ አይታይም።

አሁን ደግሞ ብዙው ነገር ወደ ዋትስአፕ ገብቷል። ሲኒየሮች አዲሶቹን ግሩፕ ውስጥ ያስገባሉ። ትእዛዙ እዚያ ይመጣል፣ ያልታዘዘውንም ያስገልሉታል። የህንድ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን፣ ዩጂሲ የሚሉት፣ በ2025 ይሄም ራጊንግ ተብሎ እንዲያዝ ለኮሌጆቹ አሳስቧል። ስለዚህ ልጁ ከግሩፑ ለመውጣት ቢቸኩልም፣ መጀመሪያ ስክሪንሾት ይያዝ።

ስመ ጥር ኮሌጅ ዋስትና ነው?

አይደለም። ወላጆች ሲከፋቸው አያለሁ፣ ግን አይደለም። አይአይቲ የሚባሉትን 23 የቴክኖሎጂ ተቋማት ውሰዱ። ለመግቢያቸው በር ለሚከፍተው ፈተና ከሚሊዮን በላይ ልጅ ይመዘገባል። አብዛኛው አላፊ ዕድሜውን በኮቺንግ፣ ማለትም ለፈተናው በሚያስጠና ክፍል ጨርሶ ነው የሚገባው። ገብቶ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጥያቄ “ራንክህ (በፈተናው ያገኘኸው ደረጃ) ስንት ነው?” የሚል ነው።

የእኛ ልጅ ይሄን ሲሰማ “ማትሪክ ስንት አመጣህ?” እንደተባለ ይቆጥረዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። በህንድ ለዘመናት ሲገፉ ለኖሩ ማኅበረሰቦች የተያዘ የመቀመጫ ኮታ አለ። ራንኩ ከታወቀ ልጁ በኮታ መግባት አለመግባቱ ይገመታል፣ ከዚያ ካስቱ፣ ማለትም በትውልድ የሚወረሰው የማኅበረሰብ እርከኑ ይገመታል፣ ከዚያ ማን አብሮት እንደሚበላ ይወሰናል። አይአይቲ ቦምቤ በ2023 ተማሪዎች እርስ በርስ ራንክ እንዳይጠያየቁ መመሪያ አውጥቷል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ የ18 ዓመት ዳሊት (በካስቱ ከሁሉ በታች ተደርጎ ሲገፋ ከኖረው ማኅበረሰብ የመጣ) ተማሪ እዚያው ግቢ ሕይወቱ አልፎ ነበር። በእኛ ካምፓሶች “የየት ሀገር ልጅ ነህ?” የሚለው ጥያቄ አንዳንዴ ምን አስከትሎ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይከብደውም። ለልጃችሁ ንገሩት፦ እሱም አይጠይቅ፣ ሲጠየቅም “የውጭ ተማሪ ነኝ፣ በሌላ መንገድ ነው የገባሁት” ብሎ ይለፈው።

የውጭ ተማሪ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። “ፎረይነር ነው፣ ተወው” ይባባላሉ። ከጀርባው ኤምባሲ አለ ብለው ይፈራሉ። አብሮት የሚኖረው ልጅ ግን አይታለፍም። የእኔ ሩምሜት ከትንሽ ከተማ የመጣ፣ እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ልጅ ነበር። ሌሊት በራችን ሲንኳኳ እኔን አልፈው እሱን ነበር የሚያስነሱት። ጫማ ማድረግ አይፈቀድለትም። ሲመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና የእግሩን መዳፍ በአሮጌ ፎጣ ይጠርጋል። ፎጣውን አራት ቦታ አጥፎ ትራሱ ሥር ያደርገዋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ለሆስቴሉ ኃላፊ አብረን ሄደን ስንነግረው “ልጆች ናቸው፣ ትላመዳላችሁ” አለን። ያን ቀን ማታ ወደ ብሔራዊው የራጊንግ መጠቆሚያ ስልክ መስመር ደወልን። ብዙም ሳይቆይ የኮሌጁ ቡድን ሌሊት መጥቶ ፎቁን ፈተሸ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። የበሩ መንኳኳት ግን ቆመ።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ነገር ነው። ልጃችሁን ባይነኩት እንኳ ምስክር ይሆናል። ምስክር ሆኖ ምን እንደሚያደርግ ከቤቱ ይወስን።

ሕጉን እወቁት

በወረቀት ላይ የህንድ ሕግ ጥርስ አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራጊንግን የከለከለው በ2001 ነው። በኋላም፣ ሲቢአይ የሚባለው የፌዴራል ወንጀል ምርመራ ቢሮ የቀድሞ ኃላፊ አር. ኬ. ራጋቫን የመሩት ኮሚቴ ጉዳዩን አጥንቶ በ2007 ሪፖርት አቀረበ። ሀገሩን ያነቃነቀው ግን የ2009 ማርች ነው። ሂማቻል ፕራዴሽ ውስጥ አማን ካችሩ የተባለ የ19 ዓመት የሕክምና ተማሪ በሲኒየሮቹ ተደብድቦ ሞተ። አራት ሰዎች በቀጣዩ ዓመት የአራት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የዩጂሲ ደንብ የወጣው በዚያው በ2009 ሲሆን፣ የ24 ሰዓት ነፃ የስልክ መስመርም ተከፈተ። ቁጥሩ 1800-180-5522 ነው። የሚደርሳቸውን ጥቆማ ለኮሌጁ ኃላፊ፣ ለሆስቴሉ ዋርደንና ለአካባቢው ባለሥልጣናት ወዲያው ያስተላልፋሉ። ዋርደን ማለት የሆስቴሉ አለቃ ነው፤ ከእኛ ፕሮክተር ሥልጣኑ ከፍ ያለ።

ከደንቡ ውስጥ ልጃችሁ ቃል በቃል ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በተቻለ መጠን ለብቻው ሆስቴል ይመደባል። ሆስቴል ውስጥ ስልክ የመጠቀም መብት አለው። ስለዚህ “ስልክህን አስቀምጥና ና” ያለው ሲኒየር ገና በበሩ ላይ ጥፋት ሠርቷል። ጥፋተኛ ከሆስቴል ከመባረር አንስቶ ምዝገባው እስከ መሰረዝ ይደርሳል። ያጠፋው ሰው ካልታወቀም ኮሌጁ በጅምላ መቅጣት ይችላል። በ2016 ደግሞ ደንቡ ተሻሽሎ በቀለም፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በካስት፣ በዜግነት፣ በቋንቋ የሚደርስ በደል በስም ተጠቅሶ ገብቷል። ሀበሻ ልጅን በቆዳው ቀለም መጥራት “ቀልድ ነው” የሚባልበት መንገድ በደንቡ የለም።

ወረቀቱ ብቻውን ግን ማንንም አያድንም። በ2023 ኦገስት ኮልካታ ጃዳቭፑር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ አዲስ ገቢ ከሆስቴል ሰገነት ወድቆ ሞቷል። ከታሰሩት መካከል ተመርቀው ያልወጡ የቀድሞ ተማሪዎች ነበሩበት። ከዚህ የምትወስዱት ጠቃሚ ጥያቄ አለ። ኮሌጁን ስታነጋግሩ “የአንደኛ ዓመቶቹ ለብቻ ናቸው ወይ? ሆስቴሉ ውስጥ የተመረቀ ሰው ይኖራል ወይ? ሌሊት ጥበቃ በር ላይ አለ ወይ?” በሉ። መልሱን በኢሜይል አስጽፉት። ኤጀንቱ በቃል የሚነግራችሁን ቡና እየጠጣችሁ ስሙት፣ በቃ።

ከሀዋሳ ሳይወጣ የሚያልቅ ሥራ

ህንድ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ራጊንግ እንደማይፈጽም ቃል የሚገባበት ሰነድ አለ። ወላጅም ይፈርማል። ብዙ ቤት ይሄን የሚሞላው ኤጀንቱ ነው። ወላጅ በሚለው ቦታ ላይ የራሱን ስልክ ያስገባል፣ ልጁ ሲቸገር ኮሌጁ የሚደውለው ለኤጀንት ይሆናል። እባካችሁ ራሳችሁ ሙሉት። ኢሜይል ከሌላችሁ ክፈቱ፣ የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አይጠፋም። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ዘመድ ምረጡና ቁጥሩ ቅጹ ላይ ይግባ። ያ ዘመድ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ይሁን።

ነፃ የሚባሉት የህንድ ቁጥሮች ከኢትዮጵያ ሲደወሉ አይሠሩም ብላችሁ ተነሱ። ስለዚህ የመስመሩን ኢሜይል፣ የዋርደኑንና የውጭ ተማሪዎች ቢሮውን ስልክ፣ ኒው ዴልሂ ቻናክያፑሪ ያለውን የኤምባሲያችንን ቁጥር በወረቀት ጻፉና ቤት ለጥፉ። ልጁም በወረቀት ይያዝ። ስልክ ይቀማል፣ ባትሪ ያልቃል።

ሰዓቱን ተለማመዱ። ህንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። እናንተ ራት በልታችሁ፣ ድራማው አልቆ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ልትተኙ ስትሉ እዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ጣራ ላይ የሚጠሩት በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልካችሁን አታጥፉ፣ ድምፁንም አትዝጉ። ልጁ ደግሞ አቤቱታ ሲጽፍ በእነሱ አቆጣጠር ይጻፍ። “ሌሊት 7 ሰዓት” ብሎ 7 ቁጥርን ካሰፈረ፣ ጥበቃው “በዚያ ሰዓት ሁሉም ቁርስ ላይ ነበር” ብሎ ይመሰክርበታል። ቀኑም እንደዚያው፣ በፈረንጅ።

መልሱን በአፍ ተለማመዱ። ይሄ ለብዙዎች ይቀልባቸዋል፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምይዘው ነው። ባለፈው የጎረቤቴን ልጅ ሳሎኔ አስቀምጬ ሲኒየር ሆንኩበት። “ስምህን በል” አልኩት፣ አለ። “ዘፈን ዝፈን” አልኩት፣ እየሳቀ ጀመረ። “ጫማህን አውልቀህ ጣራ ላይ ና” ስለው ብድግ ብሎ እናቱን አያት።

“እምቢ በል እንጂ! ምን ታየኛለህ?” አለችው።

“ጋሼ ሲሉኝ እምቢ ልበል?” አለ ልጁ።

ችግሩ ይሄው ነው። ታላቅ ሲያዝ እሺ ማለት ነው ያስተማርነው። እሱን ለማላላት ደጋግመን አወራን። በመጨረሻ የወጣው መልስ አጭር ነው፦ “ሰላም፣ ከኢትዮጵያ ነኝ። ሌሊት ከክፍሌ አልወጣም። ነገ ሜስ ላይ እናውራ።” ሜስ የሚሉት ካፌውን ነው። ፈገግ ብሎ፣ ድምፅ ሳያነሳ፣ ምክንያት ሳይደረድር። ምክንያት ካበዛ ይከራከሩታል። መለኪያውም ቀላል ነው፦ በቀን፣ ሰው ባለበት፣ አልፈልግም ቢል የሚቀር ከሆነ ይጫወት፤ ይዝፈን፣ እስክስታም ይምታ፣ ይወዱለታል። ሌሊት፣ ተደብቆ፣ ወይም ገላውንና ልብሱን የሚነካ ከሆነ አይሄድም።

እዚያ ከደረሰ በኋላ

ቪዛው ረዘም ላለ ጊዜ ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ በውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ መመዝገብ አለበት። ኤፍአርአርኦ ይሉታል። ይሄን አያዘግይ። ወረቀቱ ያልተስተካከለ ልጅ በደል ሲደርስበት ፖሊስ ጋ ለመሄድ ይፈራል፣ ሲኒየሮቹም ያንን ያውቃሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከበር ጥበቃው፣ ከሜስ ሠራተኛውና ከዋርደኑ ጋር በስም ይተዋወቅ። ፍሬሾችን በቡድን የሚይዝ መምህር ይመደባል፣ እሱንም ያግኝ። ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ የሚቀመጥ ልጅ ይጎዳል። ምግብ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ “ቬጅ” ማለት ጾም ማለት አይደለም። ወተት፣ አይብና ቅቤ አለበት። የሚጾም ልጅ ይጠይቅ። ሽሮም ይያዝ። ሽሮ የሚያበላ ልጅ ጓደኛ አያጣም።

ከደረሰበትስ?

መጀመሪያ ከዚያ ቦታ ይውጣ። አደጋ ካለ 112 ይደውል። ቁስል ካለ ሐኪም ቤት ይሂድና የተጻፈ የምርመራ ወረቀት ይቀበል፣ ያለሱ ነገሩ “ተንሸራትቶ ነው” ይባላል። የተቀደደ ልብስ ካለ አይጠብ። መልእክቶቹን ወደ እናንተ ይላክና ከስልኩ አያጥፋ። ከዚያ በዚያው ቀን፣ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተባለ፣ ማን ነበር የሚለውን ይጻፍ። “አንገላቱኝ” ብሎ ማለፍ አይጠቅምም። “ጣራ ላይ፣ እነ እገሌ ባሉበት፣ ቁጢጥ አስባሉኝ” ነው የሚጠቅመው።

አቤቱታው ለኮሌጁ ፀረ ራጊንግ ኮሚቴ በኢሜይል ይሂድ። ለብሔራዊው መስመር፣ ለውጭ ተማሪዎች ቢሮና ለእናንተ ግልባጭ ይደረግ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ደብዛው ይጠፋል። ወንጀል ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ኤፍአይአር የሚባለውን የፖሊስ ክስ ማስመዝገብ የኮሌጁ ግዴታ ነው። ካላደረገ ልጁ ራሱ የትኛውም ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገብ ይችላል። “የእኛ ክልል አይደለም” ብሎ መመለስ አይቻልም፣ ዜሮ ኤፍአይአር የሚሉት ለዚሁ ነው። ተበድሎ ስለከሰሰ ቪዛው አይሰረዝም። ይሄን ፍርሃት ሆን ብለው የሚነዙ አሉ።

አንድ ወጥመድ አለ። ኃላፊዎች ሁለቱንም ወገን ጠርተው “ታረቁ” ይላሉ፣ የተዘጋጀ ወረቀት ያቀርባሉ። ለእኛ እርቅ ደስ ይለናል፣ ሽማግሌ እናከብራለን። ያ ግን ሽምግልና አይደለም፣ ፋይል መዝጊያ ነው። ልጁ ለእናንተ ፎቶ አንስቶ ሳይልክ ምንም እንዳይፈርም።

ልቡ ከከበደውም ሕንድ ውስጥ 14416 የሚባል ነፃ የአእምሮ ጤና መስመር አለ። ቴሌ ማናስ ይባላል፣ ከ2022 ጀምሮ ሌት ተቀን ይሠራል። የተማሪዎች ራስን ማጥፋት እጅግ ስላሳሰበው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 በጡረተኛ ዳኛ ራቪንድራ ባት የሚመራ ብሔራዊ ግብረ ኃይል አቋቁሟል። ስለዚህ ልጃችሁ “ከበደኝ” ሲል “እንዴት ወንድ ልጅ ሆነህ” አትበሉት።

ስትደውሉ ምን ትጠይቁ

“በላህ? ጤናህስ?” ካላችሁት “ደህና ነኝ” ይላችኋል፣ እኔም እናቴን እንደዚያ ነው የምላት የነበረው። ይልቅ ትናንት ማታ የት እንዳመሸ፣ ሩምሜቱ ደህና መሆኑን፣ በስንት ሰዓት እንደተኛ ጠይቁት። በቪዲዮ ደውሉና ክፍሉን ያሳያችሁ። ፀጉሩን ድንገት ተላጭቶ ካያችሁት ማን እንዳስላጨው ጠይቁ። ገንዘብ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ከሆነም ከመቆጣታችሁ በፊት ለማን እየገዛ እንደሆነ ይንገራችሁ። ሰው አጠገቡ ሲኖር የማይጠቀምበት፣ በእናንተ መካከል ብቻ ያለ ቃል ተስማሙ። “የአያቴ ጉልበት እንዴት ነው?” ካለ ችግር ላይ ነኝ ማለት ይሁን። እናንተም ያን ጊዜ አትጩሁ። “ደህና ናት፣ አሁን መልሼ እደውላለሁ” ብላችሁ ዝጉና ወደ ዋርደኑ ደውሉ።

ሁለተኛ ዓመት ሲገባ ደግሞ እሱም ሲኒየር ይሆናል። “እኔም አልፌበታለሁ” የሚለው ነገር የሚጀምረው ያኔ ነው፣ ስለዚህ ክረምት ለዕረፍት ሲመጣ ጉዳዩን አንሱበት። አዲስ ሀበሻ ሲመጣ ኤርፖርት ሄዶ ይቀበለው፣ ሲም ካርድ ያውጣለት፣ ወደ ምዝገባ ቢሮው ይውሰደው፣ የዋርደኑን ቁጥር ስልኩ ላይ ይመዝግብለት። ሻንጣውን ግን ራሱ ባለቤቱ ይሸከም።